አርባ ሦስተኛው ድንጋይ

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዓባይነህ
ቡራዩ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬ የሺወርቅስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከአርባ ምንጭ ሙቀትና ከተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት በቀር የሚያስመርረኝ ነገር የለም።

ደብዳቤዎን ሹፌሩ ሙሐመድአሚን ከአውቶቡሱ ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። “ሽማግሌው ቶሎ መልስ ትስጠኝ ብለዋል” አለኝ። እርስዎ ቶሎ የሚሉት ነገር ስለሌለ ልቤ ትንሽ ደንገጥ አለ። ለጠየቁኝ ይኸው መልሴ።

ቀለሙ ሁለት ጣሳ ነው። ከቡራዩ ገበያ አብረን አልነበር እንዴ የገዛነው? ቀይ ይሁን ያሉትም እርስዎ ነዎት። የአንደኛው ጣሳ ግማሽ ተርፎ እርስዎ ጓሮ ተቀምጧል። ቁጥር የቀባሁት አርባ አንድ ድንጋይ ላይ ነው፤ ከገፈርሳ ግድብ ማዶ ጀምሬ ወደ መናገሻ እስከሚወስደው መንገድ ድረስ። ከኦቦ አማኑ ቤት በላይ ያለው 17 ነው፤ ከጎረቤታቸው ከኦቦ ጉደታ አጥር ሥር ያለው 18። ለምን እንደምቀባ የነገርኩት ለኦቦ አማኑ ብቻ ነው። ክረምት ስለነበር ሰው ሁሉ እርሻው ላይ ነበር፤ እሳቸው ከፊቴ እየሄዱ “እንግዳዬ ናት” ሲሉ ሌላ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

እዚህ ለተማሪዎቼ ስለ ድንጋዮቹ ነገርኳቸው። ከመቶ ዓመት በፊት መሬት በቀላድ፣ ማለትም በገመድ ሲለካ፣ የገመዱ ጫፍ ባረፈበት ሁሉ ድንጋይ ይተከል ነበር፤ እነዚያን ድንጋዮች ፈልጌ አንድ ካርታ ላይ ላሰፍር ነው አልኳቸው። አንዷ “መምህር፣ ዶክትሬት የሚሰጠው ለዚህ ነው?” አለችኝ። ለዚሁ ነው።

የምሥራችም አለኝ። ጽሑፌን የምከላከልበት ጊዜ የካቲት መጨረሻ ሆኗል። ከአርባ አንዱ ድንጋይ የአሥራ አራቱን ቦታ በጂፒኤስ አልያዝኩም፤ ዝናቡ መሣሪያውን እንዴት እንዳበላሸብኝ ያስታውሳሉ። ለገና መጥቼ በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ። ካርታው ያለ እነሱ ጎደሎ ነው።

ለምን እንደጠየቁኝ ግን አልጻፉልኝም። ስልክ ልደውል ወይ? መንገዱስ እንዴት ነው?

ልጅዎ ሰብለወርቅ


ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወርቅ

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የሺወርቅ ጉልበቷ እንደ አየሩ ነው፤ ሲሞቅ ትሄዳለች፣ ሲበርድ ትቀመጣለች። ጽሑፍሽን የምትከላከዪበት ቀን መቆረጡን ስነግራት እልል አለች፤ እኔ እንኳ ሰማሁት።

ስልክ ልደውል ወይ ላልሽው፣ ይቅር። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። የሺወርቅ አጠገቤ ቆማ እየጮኸች የምታቀብለኝ ወሬ የእኔ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ የሚወራበት ጊዜ አይደለም።

መንገዱን ጠይቀሻል። ወደ አምቦ የሚሄድ ሚኒባስ ከቆመ ቀናት ሆነው። ሱቆች አንድ ቀን ይከፈታሉ፣ ሁለት ቀን ይዘጋሉ። እኛ ሰፈር የተጎዳ የለም። ወደ ላይ ግን ልጆቻቸውን የቀበሩ አሉ፤ የራሴን ነገር ሳወራ አፍራለሁ። ለገና አትምጪ። አማኑ ደህና ነው።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ጨርሼ አጥፌው ነበር። የሺወርቅ “ነገርካት?” አለችኝ። አልነገርኳትም አልኩ። “ታዲያ ሁለት ገጽ ሙሉ ምን ጻፍክ?” ብላ ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችልኝ። እንግዲህ ልንገርሽ።

ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ጋር አንድ ሊያደርግ ነው፤ ገበሬው ሊነሣ ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ ተቆጥቷል። እዚህም ሰዉ መሬቱን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ያንቺን ቁጥሮች አገኘ። ቀይ ቁጥር፣ በተርታ፣ ከአንድ እስከ አርባ አንድ። ጉደታ አጥሩ ሥር 18ን ሲያይ በዚያው ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ። ማን ቀባው ሲባል፣ ክረምቱን ከአንዲት የከተማ ሴት ጋር ሲዞር የከረመው አማኑ ነው ተባለ። አማኑ የታሪክ ጥናት ነው ቢላቸው ማን ይመነው። ለካርታ ነው ማለቱ ደግሞ ነገሩን አባሰው። አሁን ሰላም የሚለው የለም።

በእኛ የካርታ ቢሮ ቀይ ማለት “ይህን ነጥብ አትንኩ” ማለት ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። በከተማው ግን በሩ ላይ ቀይ ቁጥር የተጻፈበት ሰው ቤቱ ይፈርሳል። እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ ወጥቼ እዚህ የገባሁት በሬ ላይ ቀይ ቁጥር ተጽፎ ነው፤ ቁጥሩንም እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ያን ጣሳ ስመርጥልሽ ግን የቢሮ ሰው ነበርኩ። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ዓባይነህ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬን እትዬ የሺወርቅ ይውሰዱት። እርስዎን ተቆጥቻለሁ። “አማኑ ደህና ነው” ብለው አጥፈውት ነበር አሉ። ደግነቱ ቤትዎ ውስጥ ደፋር ሰው አለ።

ቀጥሎ ራሴን ተቆጣሁ፤ እሱ ገና አላለቀልኝም። የቀለሙን ነገር ለራስዎ ብቻ አይውሰዱት። ጣሳውን እርስዎ መረጡ፣ ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከተማ እንዴት ገጠሩን እንደሚውጥ እያጠናሁ፣ ሱሉልታ ላይ በመለኪያዬ ምክንያት ውሻ ተለቆብኝ፣ ሰበታ ላይ አንዲት ሴትዮ ደጃፏን ዘግታብኝ፣ አሁንም የሰው አጥር ሥር ሳልጠይቅ ቀይ ቁጥር ጻፍኩ። ኦቦ አማኑ “እንግዳዬ ናት” ስላሉ ብቻ የሁሉም እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።

ለምን ወደ ታሪክ እንደገባሁ አንድ ጊዜ ጠይቀውኝ ቀልጄ አልፌ ነበር። ዛሬ ልንገርዎት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ቢሮዎ ንድፍ ልማር የመጣሁ ሰሞን አንድ ካርታ እንድገለብጥ ሰጡኝ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ሁሉ ነጭ ነበር። “እዚህ ሰው የለም እንዴ?” አልኩዎት። “ሰው አለ፤ ስም አልሰበሰብንም” አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ነጭ ቦታ ልሞላ ነው የምለፋው። ስሞቹን ሳገኝ ደግሞ ቁጥር ቀባሁባቸው።

ከዚህ ጋር አንድ ገጽ ተያይዟል። ለጎረቤቶቹ የጻፍኩት ነው። የቀባሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ኦቦ አማኑ መንገድ ከማሳየት በቀር እጃቸው እንደሌለበት፣ ካርታውን ለየትኛውም መሥሪያ ቤት እንዳልሰጠሁና እንደማልሰጥ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። በሰው ፊት ያንብቡልኝ። ከዚያ ቁጥሮቹን ሁሉ ያጥፏቸው። ስለ አሥራ አራቱ አያስቡ። ያለ ቁጥር መልሼ ላገኛቸው እንደማልችል አውቃለሁ፤ ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ካርታው ጎድሎ ይቀርባል፤ ካልሆነም አይቀርብም።

የደበቁኝ ሌላ ነገር አለ ወይ? እውነቱን።

ሰብለወርቅ


ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ሰብለ፣

እንዴት ከረምሽ? መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። መንገዱ ነው እንዳልልሽ ሙሐመድአሚን ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል።

አለ። የደበቅኩሽ አለ። የአማኑ ልጅ ትጊ ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 15 ቀን ልትዳር ነው። ክረምት ላይ እንጨት ስትፈልጥ ያየሻት፣ ጂፒኤሱን “ይህ ሬዲዮ ምን ይናገራል?” ያለችሽ። ሰርጉ የተቆረጠው ይህ ሁሉ ሳይመጣ ነው። አሁን ጎረቤቱ አንመጣም ብሏል። ዳስ የሚጥል የለም፣ ውኃ የሚቀዳ የለም፣ ሙሽራዋን የሚያጅብ የለም። የአማኑ ሚስት አዴ ማሪቱ ለየሺወርቅ “ልጄን እንደ ሙት ልጅ በዝምታ ልሸኛት ነው” ብላ አለቀሰች። አማኑ ደግሞ ሰርጉን ወደ ሌላ ጊዜ ላስተላልፍ ቢል፣ “የሙሽራው ቤተሰብ ስለ ልጅቷ ምን ሰምተው ነው?” ሊባል ነው። እንግዲህ የደበቅኩሽ ነገር ይህ ነው።

ወረቀትሽ ለምን እንዳልተነበበ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ነው። ግን “የቀባሁት እኔ ነኝ” ይላል እንጂ “ቀይ ይሁን ያለው ዓባይነህ ነው” አይልም። እኔ ቆሜ ሳነበው የሰው ጥፋት አነባለሁ ማለት ነው፣ የራሴን ኪሴ ውስጥ ይዤ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እዚህ ሰፈር ገና ስድስት ዓመቴ። ሰዎቹ አማኑን፣ እዚሁ የተወለደውን ሰው፣ እንዲህ ካደረጉት እኔን ምን ያደርጉኛል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ ነው የምልሽ፣ ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

ያ ነጭ ካርታ ደግሞ፣ ንድፉ የእኔ ነው። ስም አልሰበሰብንም ያልኩሽ እውነት ነው፤ ማን እንዳልሰበሰበ ግን አልነገርኩሽም። ወደ ገፈርሳ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ዝናብ ነበር። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩና ተመለስኩ።

የማርያም ሰንበቴ ጥር 1 እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣል። እሄዳለሁ። ወረቀትሽ ሥር አንድ መስመር እጨምርበታለሁ፤ ፈቃድሽን አልጠይቅም።

ዓባይነህ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንኳን ለልደቱ አደረሰዎ። ይጨምሩ። ሁለት መስመርም ቢሆን ይጨምሩ። ስለ ዝናቡ አልተቀየምኩም፤ እዚያ ወርደው ስም ሰብስበው ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ምን እሠራ ነበር?

በዓሉን ግን እንደ በዓል አልዋልኩትም። ትጊ ፊቴ ላይ ትመጣብኛለች። እሑድ እስኪመጣ የምሠራውን አላውቅም። እባክዎ ሰኞ ጠዋት ይጻፉልኝ፤ ክፉም ቢሆን።

ሰብለ


ቡራዩ፣ ጥር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሰኞ ያልጻፍኩት እጄ ብዕር ስላልያዘልኝ ነው። ከፍርሃት አይደለም፣ ከመፈተግ ነው። ትረጂዋለሽ።

እሑድ ቅዳሴ አለቀ፣ ሰንበቴው ተቀመጠ። አማኑ ከዳር ብቻውን ተቀምጧል፤ በግራም በቀኝም ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው። “አካም ቡልተኒ” ብዬ ቆምኩ፤ ኦሮምኛዬ እዚያው ላይ ስላለቀ በአማርኛ ቀጠልኩ። ወረቀትሽን አነበብኩ። ከሥሩ የጨመርኩትንም አነበብኩ፤ “ቀይ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ዓባይነህ ነኝ፤ የእኔም ቤት በቀይ ቁጥር ፈርሷል፤ እያወቅሁ አጠፋሁ” ይላል። አማርኛ ለማይከተሉት አዛውንቶች አዴ ማሪቱ ተነሥታ ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። ትርጉሟ ከደብዳቤሽ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ምን እንደጨመረችበት እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ጉደታ ተነሣና ብዙ ተናገረ። አንድም ቃል አልሰማሁም። የሰዉን ፊት ብቻ አያለሁ፤ ፊታቸው ደግሞ ጥሩ አይደለም። ማሪቱ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ ጮኸችብኝ። “ኦቦ ጉደታ የሚለው፣ ለታሪክ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ምን እንደጻፈች ያንብብልን ነው።” የእጅ ካርታሽን ይዤው ነበር፤ ጂፒኤስ ሳትይዢ በፊት በእርሳስ ሠርተሽ እኔ ጋ የተውሽውን። ከአንድ ጀምሬ አነበብኩ። ቁጥሩን ትቼ ስሙን ብቻ። 17 ላይ ስደርስ “ዳጋ ሌንጮ”፣ የሌንጮ ድንጋይ፣ አልኩ፤ አንዲት አሮጊት ራሷን ነቀነቀች። 18 ላይ “ዳጋ ቦሩ” አልኩ።

ጉደታ ወደ እኔ መጣ። የሚመታኝ መሰለኝ፣ አልዋሽሽም። ካርታውን ከእጄ ወስዶ “የቱ ጋ ነው?” አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ማንበብ ያውቃል፤ ረጅም ጊዜ አየው። ጆሮዬ ላይ ራሱ ተናገረ፣ ስለዚህ ይህን በደንብ ሰምቻለሁ።

“ቦሩ የአያቴ አባት ነው። ገመዱ ሲመጣ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ እምቢ ያለ እሱ ነው። ይህን ማን ነገራት?”

“አማኑ” አልኩት።

“አማኑ የእኔን ቅድመ አያት ስም ሰጣት?”

“የሁላችሁንም ሰጣት። የራሱን መጨረሻ ላይ ነው ያጻፈው፣ እየው።”

ጉደታ ወደ ሰዉ ዞሮ የተናገረውን ማሪቱ በኋላ ነገረችኝ። “መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው የአባቶቻችንን ስም አይጽፍም፤ ቁጥር ነው የሚጽፈው። ቁጥሩን እናጥፋ፣ ስሙ ይቆይ” ነው ያለው። ሄዶም ከአማኑ ጎን፣ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሰብለ፣ እዚያው አለቀስኩ። የሺወርቅ ኮቴን ጎተተችኝ እንጂ ቆሜ ልቀር ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ ስንፈትግ ዋልን። ነጭ ጋዝ፣ አሸዋና የሽቦ ብሩሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እኔ ስድስት ድንጋይ ፈትጌአለሁ፤ እጄ የተላጠው በ18ኛው ነው፤ እሱን ለማንም አልሰጥም ብዬ። አንድም ቁጥር አልቀረም። ማክሰኞ ማታ ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ መቅረቱን ተናገረ ብላ የሺወርቅ ጮኸችልኝ። እኔን ደስ ያለኝ ጉደታ ከአማኑ ጎን የተቀመጠው ከዚያ ሁለት ቀን አስቀድሞ መሆኑ ነው። የሞቱት ግን አይመለሱም፤ ሰዉም የተደሰተው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ድንጋዮቹ ጠፉብኝ ብለሽ አትዘኚ። አማኑን ያለ ቀለም እንዴት ታገኛቸዋለች አልኩት። “ቀለም ለማያውቅ ሰው ነው። እኛ አለን” አለኝ። ደግሞ እየፈተግን ሳለን ጉደታ ወንዙ ዳር ያላየሽውን አንድ አሳየኝ፤ አርባ ሁለት ሆነዋል። አማኑ አርባ ሦስተኛም አለ ይላል። የት ነው ብዬ ብጠይቀው አልነግርህም፣ ራሷ ትምጣ አለ። ትጊ ጥር 15 ትጠብቅሻለች። ዳሱን የሚጥለው ጉደታ ነው።

ዓባይነህ


አርባ ምንጭ፣ ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

በሰላም ገባሁ። ሙሐመድአሚን መንገዱን ሙሉ ስለ ሰርጉ እያስወራ አላስተኛኝም። እርስዎ ከዳሱ ቀድመው ስለወጡ ያላዩትን ልጻፍልዎት፤ የጠየቁኝንም እግረ መንገዴን እመልሳለሁ።

አዎ፣ በርዎን አይቻለሁ። የተረፈውን ግማሽ ጣሳ ከላይ እስከ ታች ቀብተው ጨረሱት አይደል? ቁጥር የሌለው ቀይ በር በሰፈሩ የእርስዎ ብቻ ነው። እትዬ የሺወርቅ አስቀያሚ ነው ብለውኛል። ለእኔ ግን ያምራል።

ትጊ ስትወጣ ከኋላዋ የነበረውን ሰው ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት። አዴ ማሪቱ እያለቀሱ ይጨፍራሉ፣ እየጨፈሩ ያለቅሳሉ። ኦቦ ጉደታ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝና “ይቺ ናት አጥሬን የቀባችው” እያሉ ለእንግዳው ሁሉ አስተዋወቁኝ። በሄድኩበት ሰዉ ይስቃል። እንዲህ ደስ ብሎኝ የተሳቀብኝ ጊዜ የለም።

ድንጋዮቹን ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ጨረስኩ። ሁለት ቀን ያልኩት ሥራ በግማሽ ቀን አለቀ። ኦቦ ጉደታ ከፊት፣ ኦቦ አማኑ ከኋላ፤ እየሄዱ “ይቺ፣ ይቺ” ይሉኛል፣ እኔ መሣሪያውን አስቀምጣለሁ። ካርታው የካቲት ላይ ሙሉ ሆኖ ይቀርባል። ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም፤ ስም ብቻ። አንዱ ቅጂ ሰንበቴው ጋ ይቀመጣል፤ ቃል ገብቻለሁ።

አርባ ሦስተኛውን ብዙ ለመንኳቸው። ኦቦ አማኑ “ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቆዪ” እያሉ አዞሩኝና መልሰው ደጃፋቸው አደረሱኝ። ከበሩ በስተቀኝ ያችን ጠፍጣፋ ድንጋይ ያውቋታል አይደል? ክረምቱን ሙሉ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እሳቸው ስም እየጠሩልኝ፣ አርባ አንዱንም የጻፍኩት እሷ ላይ ተቀምጬ ነው።

“ይቺ ናት” አሉኝ።

“ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?”

“ተመችቶሽ ተቀምጠሽ ነበር። እንግዳን ከተቀመጠበት እንዴት ተነሺ ይባላል?”

ስሟን ጠየቅኳቸው። ጠፍቷል፣ አባቴም አያውቀውም ነበር አሉ። ትጊ አንድ ስም አውጥታላት ነበር፤ ደስ ቢለኝም ካርታው ላይ አላሰፍረውም። “ስሟ የተረሳ፣ በኦቦ አማኑ ደጅ” ብዬ ጻፍኩ። መሣሪያውን አስቀምጬ ነጥቡን ያዝኩ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩባት።

ልጅዎ ሰብለወርቅ